ቁስሉ ቢደርቅም፦ የእንቅርት ቀዶ ጥገና፣ ቤትና ሥራ

እንቅርት በአብዛኛው አያምም። ስለማያምም ነው ብዙ ሴቶች በነጠላ ሸፍነው፣ በሻርፕ ደብቀው ለዓመታት አብረውት የሚኖሩት። ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ሌላ ምልክት ነው፤ እህል ሲውጡ ጉሮሮ መያዝ፣ በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር፣ የድምፅ መሻከር፣ ወይም ያለ ምክንያት የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ። ተመርምረው «በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት» ሲባሉ ደግሞ ጥያቄያቸው ስለ ሕክምናው ብቻ አይሆንም። እንጀራ መጋገር የምችለው መቼ ነው? ልጄን ማዘልስ? ክፍል ገብቼ ማስተማርስ? ስንት ቀን ፈቃድ ልጠይቅ?

ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ «ቁስሉ ሲድን» የሚል ነው። የአንገት ቁስል ግን ቶሎ ይድናል፤ በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ ይገጥማል። ከቆዳው ሥር ያለው ነገር የየራሱ ጊዜ አለው። የመድማት አደጋ በሰዓታት ይለካል፣ የካልሲየም መውረድ በቀናት፣ ድምፅና ጉልበት በሳምንታት፣ የሆርሞን ሚዛን በወራት። ቤተሰቡም መሥሪያ ቤቱም «ዳነች» ብለው ሥራውን ሁሉ መልሰው የሚጭኑባት የውስጡ ማገገም ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ መውጣት ያለበት በእነዚህ አራት ጊዜያት ልክ ነው።

እጢውና ጨው

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የመተንፈሻ ቧንቧን ከፊት በኩል አቅፎ የሚቀመጥ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ክፍል ያለው እጢ ነው። ጤነኛ ሲሆን ክብደቱ ከ15 እስከ 25 ግራም ገደማ ነው። የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ ስሜትንና ትኩረትን ሳይቀር ይቆጣጠራሉ። ለእነዚህ ሆርሞኖች ዋናው ጥሬ ዕቃ አዮዲን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ 250 ማይክሮግራም ይመክራል። ይህ ሳይገኝ ሲቀር በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ እጢ ቲኤስኤች የተባለ ሆርሞን አብዝቶ በመላክ ታይሮይድን ለሥራ ይጎተጉተዋል። ታይሮይድም የተገኘችውን ጥቂት አዮዲን ለመያዝ ሕዋሳቱን ያበዛል። እንቅርት የሚባለው እብጠት የሚመጣው በአብዛኛው እንዲህ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አፈሩ ለዘመናት በዝናብ ሲታጠብ አዮዲኑም አብሮ ሄዷል፤ በዚያ አፈር ላይ የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። ክፍተቱን የሚሞላው ጨው ነው። ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ጨው በብዛት ይመጣ የነበረው ከአሰብ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ በአፋር ክልል ያለው የአፍዴራ ጨውም ገበያውን ያዘ። ይህ ጨው በዚያን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤቶች በ15ቱ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ አለ።

የተሻለው ጨው አዲስ እንቅርት እንዳይወጣ ይረዳል። ለዓመታት ያደገና ቋጠሮ ያበጀ እንቅርት ግን ጨው ስለተቀየረ አይሟሽሽም። ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ተራ ከሚጠብቁት እናቶች ብዙዎቹ የልጅነትና የወሊድ ዘመናቸውን አዮዲን በሌለው ጨው ያሳለፉ ናቸው። የታይሮይድ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዙ እጥፍ ስለሚያጠቃም፣ የቤቱን ሸክም የተሸከመችው ሴት ራሷ ታካሚ ሆና ትገኛለች።

ከቀጠሮው በፊት የሚያልቅ ሥራ

እንቅርት ሁሉ አይቆረጥም። ቀዶ ጥገና የሚመከረው እብጠቱ የመተንፈሻ ቧንቧን ወይም የምግብ ቧንቧን ሲጫን፣ የካንሰር ጥርጣሬ ሲኖር፣ ከልክ በላይ የሚሠራ እጢ በመድኃኒት ሳይመለስ ሲቀር፣ ወይም ታካሚዋ በመልኳ ምክንያት ሲጨንቃት ነው። ለዚህ ውሳኔ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ እንደሁኔታው ደግሞ በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የታይሮይድ ቋጠሮዎች ካንሰር አይደሉም።

ከምርመራዎቹ ሁሉ በቸልታ መታለፍ የሌለበት የሆርሞኑ መጠን ነው። እጢው ከልክ በላይ እየሠራ ሳለ ቀዶ ጥገና ቢደረግ የተጠራቀመው ሆርሞን በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ገብቶ ሕይወትን የሚያሰጋ ትኩሳትና የልብ መፍጠን ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ሆርሞኑን በመድኃኒት ያረጋጋል፤ ይህ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። «ኪኒን እየሰጡ ያመላልሱኛል» ብላ የምትማረር ታካሚ ይህን ብታውቅ መመላለሱ የሕክምናው አካል እንደሆነ ይገባታል። ድምፅ ከዚህ በፊት ሻክሮ ከሆነም የድምፅ አውታሮች በመሣሪያ ይታያሉ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሚመጣ ለውጥ መነሻ የሚሆነው ይህ ምርመራ ነው።

ለሐኪሙና ለሰመመን ሰጪው የማይደበቅ ነገርም አለ፦ አስፕሪንና ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒት፣ ሲጋራ፣ ጫት፣ እርግዝና፣ ከዚህ በፊት በማደንዘዣ ላይ የገጠመ ችግር። ጠጣር ምግብ ሰመመኑ ከመሰጠቱ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ። ባዶ ሆድ የሚያስፈልገው በሰመመን ጊዜ የሆድ ዕቃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። የጥፍር ቀለምና ሂና የኦክስጅን መለኪያው ጣት ላይ ሲደረግ ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ቢያንስ ከአንዳንድ ጣቶች ላይ ቢነሳ ጥሩ ነው። በአንገት የታሰረ ማተብ ደግሞ ቢላዋው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይውላል። በሰመመን ውስጥ ሳለች ሌላ ሰው ከሚቆርጠው፣ አስቀድማ ራሷ ፈትታ በእጇ አንጓ ላይ ብታስረው ልቧም ያርፋል።

ቤት፣ ገንዘብና ፈቃድ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቀጠሮው ከደረሰ በኋላ የሚፈለግ አስታማሚ፣ የሚፈለግ ሞግዚት፣ የሚፈለግ ገንዘብ ታካሚዋን በተኛችበት ያስጨንቃታል። ቢያንስ ሦስት ሰው አስቀድሞ መመደብ ይሻላል፦ የመጀመሪያዋን ሌሊት ሳይተኛ የሚያድር አስታማሚ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርስና የሚመልስ፣ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ምጣዱን የሚረከብ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። እንጀራ መግዛት ወይም ጎረቤት እንድትጋግር መነጋገር ቀላል መፍትሔ ነው፤ ችግሩ ሳይነጋገሩ መቅረት ነው።

የጤና መድህን አባል የሆነ ቤተሰብ የአባልነት መታወቂያው መታደሱንና የሪፈር ወረቀቱ መሟላቱን ቀድሞ ማየት አለበት፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ዕቁብ ያላት ሴት ዕጣዋ ወደ ቀጠሮው እንዲቀርብላት ዳኛውን ብትጠይቅ ወይም ቀድሞ ከወጣለት አባል ጋር ብትለዋወጥ ነውር የለበትም።

ተቀጣሪ ከሆነች ሕጉ ከጎኗ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ማግኘት ትችላለች፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ለዚህ የታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ያስፈልጋል። ባልም በዚሁ አዋጅ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲገጥመው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። የዓመት ፈቃድ የተረፈው ከሆነ ግን እሱን መጠቀም ያዋጣዋል። ሐኪሙ ፈቃዱን ሲጽፍ የሥራዋን ዓይነት ቢያውቅ ይጠቅማታል፤ በኮምፒዩተር ለምትሠራና ኩንታል ለምታወርድ ሴት የሚበቃው ቀን አንድ አይደለም። በጉልት ላይ የምትነግድ ወይም በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ግን የዚህ አዋጅ ጥላ አይደርስባትም። የእሷ የሕመም ፈቃድ ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ቁጠባና ቦታዋን የሚጠብቅላት ሰው ነው።

ቢላዋው የሚጠነቀቅላቸው

በቀዶ ጥገናው ቀን ታካሚዋ ሙሉ ሰመመን ይሰጣታል፤ ቱቦ በጉሮሮዋ ይገባል፤ ከትከሻዋ ሥር ትራስ ተደርጎ አንገቷ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ቀዶ ሐኪሙ የአንገትን የተፈጥሮ እጥፋት ተከትሎ በአግድም ይከፍታል። እንደ እንቅርቱ መጠን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የእጢው ግማሽ ብቻ ወይም ሙሉው ሊወጣ ይችላል።

ይህ ቀዶ ጥገና በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ ሐኪሞች የሚሸሹት ነበር፤ እጢው በደም ሥር የተከበበ በመሆኑ ብዙዎች በጠረጴዛው ላይ ይሞቱ ነበር። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ኮከር ደም ሥሮቹን አንድ በአንድ እያሰረ፣ ሳይቸኩል፣ ንጽሕናን አጥብቆ እየጠበቀ በመሥራት ከመቶ ከአሥር በላይ የነበረውን ሞት ከመቶ ከአንድ በታች አወረደው። እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬም አንገት ላይ በአግድም የሚደረገው ቅድ በስሙ ይጠራል።

ዛሬ ቀዶ ሐኪሙን የሚያስጨንቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ድምፅ አውታሮች የሚሄደው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ከጭንቅላት ወርዶ ደረት ውስጥ ይገባና በግራ በኩል ትልቁን የልብ ደም ሥር ዞሮ ወደ አንገት ተመልሶ ይወጣል፤ የሚወጣውም በታይሮይድ ጀርባ ተጠግቶ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ሐኪሙ ጋሌን የምትጮህ አሳማ ይህን ነርቭ በሰዎች ፊት ቆርጦ ድምፅዋ ወዲያው እንደሚጠፋ አሳይቷል። ሁለተኛው ፓራታይሮይድ የተባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ፣ ምስር የሚያህሉ እጢዎች ናቸው። በታይሮይድ ጀርባ ተለጥፈው የደምን ካልሲየም ይቆጣጠራሉ። ስዊድናዊው ኢቫር ሳንድስትሮም በሰው ላይ የገለጻቸው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች መኖራቸውን ሳያውቁ ከታይሮይዱ ጋር ያወጧቸው ነበር።

ልምድ ባለው ሐኪም እጅ የነርቩ ዘላቂ ጉዳት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ታካሚ ላይ ይደርሳል። ሙሉ እጢ ሲወጣ ዘላቂ የካልሲየም ችግርም ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት ነው። ጊዜያዊ መዛባት ግን በጣም የተለመደ ነው፤ ቤተሰቡ የሚዘጋጀውም ለዚህ ነው።

ሰዓታት፦ የመጀመሪያዋ ሌሊት

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት፣ ትልቁ ስጋት በአንገት ውስጥ የሚጠራቀም ደም ነው። በመቶ አንድ ወይም ሁለት ታካሚ ላይ ቢደርስም ፍጥነቱ ያስፈራል። የአንገት ውስጥ ክፍተት ጠባብ በመሆኑ ጥቂት ደም እንኳ የመተንፈሻ ቧንቧ አካባቢን አሳብጦ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል።

የአስታማሚው ዋና ሥራ እዚህ ላይ ነው። አንገቷ እያበጠ፣ ፋሻው እየጠበቀ፣ ትንፋሿ እያሰማ፣ መዋጥ እያቃታት ወይም ያለ ምክንያት እየተቁነጠነጠች ከሆነ ነርሷን ወዲያው መጥራት አለበት፤ ቁስሉ በደቂቃዎች ውስጥ ተከፍቶ ደሙ መውጣት ሊያስፈልገው ይችላል። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በነጠላ ወይም በፎጣ የተጠቀለለ አንገት እብጠቱን ይደብቃል፤ ገለጥ ብሎ መታየት አለበት። ደም ወደ ኋላ ሊፈስ ስለሚችል ከማጅራቷ ሥር ያለውን አንሶላም ማየት ይገባል። ጭንቅላቷ በትራስ ከፍ ቢል እብጠትን ይቀንሳል።

ሌላው የዚያ ሌሊት ስሜት ብዙም አያስፈራም። የጉሮሮ መከርከር ከቱቦው የመጣ ነው። የማጅራት ሕመም አንገቷ ለሰዓታት ተለጥጦ ከመቆየቱ የመጣ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ በዚያው ቀን ተነስታ ትራመዳለች፤ ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባ ወይም እርጎ ትጀምራለች። የምታጠባ እናት ከሰመመኑ ሙሉ በሙሉ ነቅታ ልጇን ደህና አድርጋ መያዝ ስትችል አብዛኛውን ጊዜ ማጥባት ትቀጥላለች፤ የሚሰጧትን ማስታገሻ ግን አጥቢ መሆኗን ነግራ ትቀበል።

ቀናት፦ የከንፈር መደንዘዝ

ታካሚዋ ከሆስፒታል የምትወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ካልሲየም የሚወርደውም ልክ በዚያው ጊዜ፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ነው። ቤት ከገባች በኋላ ሊከሰት ስለሚችል ምልክቱን የቤቱ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት። የሚጀምረው በከንፈር ዙሪያና በጣቶች ጫፍ ላይ በሚሰማ መደንዘዝና መጠቅጠቅ ነው። እየባሰ ሲሄድ ጣቶች ይኮማተራሉ፣ ጡንቻ ይሸማቀቃል። ምክንያቱ ፓራታይሮይዶቹ በቀዶ ጥገናው ተነካክተው ወይም የደም አቅርቦታቸው ለጊዜው ቀንሶ ሥራ ማቆማቸው ነው። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ።

መደንዘዝ ሲጀምር በታዘዘው መሠረት ካልሲየም መውሰድና ሐኪም ጋ መደወል ይገባል። መኮማተር ከታየ ግን ካልሲየም በደም ሥር መሰጠት ስላለበት ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ወተት ለብቻው ይህን አይመልስም። ቀዶ ጥገናው በጾም ወቅት ከዋለ ስለ ምግቡም ስለ ኪኒኑም ከንስሐ አባት ጋር ቀድሞ መነጋገር ይቻላል። በእስልምናም ለታመመ ሰው ጾምን የማቆየት ፈቃድ አለ።

በእነዚህ ቀናት ሌላው ፈተና ጠያቂ ነው። ዘመድና ጎረቤት ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ሁሉም ታሪኩን ከእሷ አፍ መስማት ይፈልጋል። መጠየቅ ደግ ነገር ነው፤ ታካሚዋ ግን እንግዳ ተቀባይም ተራኪም መሆን የለባትም። ታሪኩን የሚያወራ፣ ቡናውን የሚያፈላ፣ ሲመሽ እንግዶቹን በዘዴ የሚሸኝ አንድ የቤተሰብ አባል ቢመደብ ድምፅዋ ያርፋል። ልጆችም እናታቸው አንገት ላይ መንጠልጠል ለጥቂት ጊዜ እንደማይቻልና ለምን እንደሆነ ቀድመው ይነገራቸው፤ ሳያውቁ ፋሻውን ሲያዩ ይደነግጣሉ።

ሳምንታት፦ ሸክም፣ ማዘል፣ ማስተማር

የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማንሳት ስናምጥ በደረታችን ያለው ግፊት ይጨምርና ደሙ በአንገት ሥሮች ላይ ይጠራቀማል፤ ገና ያልጠነከሩ ሥሮችን ሊያፈነዳም ይችላል። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ለሁለትና ሦስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ የሚሉት ለዚህ ነው። ማሳልና የሆድ ድርቀትም በዚሁ መንገድ ይጎዳሉ፤ የምጣድ ጭስ የሚያስላት ሴት ከማዕድ ቤት የምትርቅበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ልጅ ማዘል ደግሞ ክብደቱን ከማሸከሙ በላይ አንቀልባው በትከሻና በደረት ላይ እየጎተተ ቁስሉን ይለጥጣል። ልጁን ሰው አንስቶ ጭኗ ላይ ቢያስቀምጥላት መቀራረቡ አይቋረጥም።

ከባድ ሥራ ተከለከለ ማለት አንገት መንቀሳቀስ የለበትም ማለት አይደለም። ቁስሉ ይከፈታል ብላ አንገቷን አድርቃ የምትቀመጥ ታካሚ ማጅራቷና ትከሻዋ ይደርቃሉ። ሐኪሙ በፈቀደላት ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ ብሎ መዞር፣ ትከሻን ማንከባለል፣ አገጭን ዝቅ ማድረግ ያፍታታታል። መኪና የምትነዳው ያለ ሕመም ዘወር ብላ ማየት ስትችልና የሚያፈዝ ማስታገሻ ስትጨርስ ነው። ቢሮ የምትሠራ ሴት በአንድና ሁለት ሳምንት ልትመለስ ትችላለች። ቀኑን ሙሉ ያቀረቀረች ልብስ ሰፊ ትንሽ ትቆያለች፤ ሸክም ያለበት ሥራ ላይ ያለችው ከሁሉም በላይ።

ለመምህርት፣ ለጉልት ነጋዴ፣ ለዘማሪት ወይም ለስልክ ኦፕሬተር ወሳኙ ድምፅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሻከሩ የተለመደ ሲሆን ቶሎ ይሻላል። ነርቩ ሳይቆረጥ ተነካክቶ ከሆነ ግን ለመመለስ ሳምንታት እስከ ወራት ይፈልጋል። ሌላ ቀጭን ነርቭ ከተነካ የዕለት ንግግር ሳይለወጥ ድምፅን ከፍ ማድረግ ብቻ ያቅታታል፤ ዘማሪት ወዲያው ታውቀዋለች፣ ሌላው ላያስተውለው ይችላል። ማንሾካሾክ ድምፅን ያሳርፋል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ አውታሮቹን ያስጨንቃል። በለሰለሰ ተራ ድምፅ ጥቂት መናገር ይሻላል። መምህርቷ ስትመለስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍለ ጊዜዋ ቢቀነስላት ወይም የጽሑፍ ሥራ የሚበዛበት ትምህርት ብታዘጋጅ መልካም ነው። ውሃ ሲያንቃት ወይም ድምፅዋ ከሳምንታት በኋላም ካልተመለሰ አውታሮቿ እንደገና ይታዩ።

ጠባሳው የሚጠፋ ባይሆንም ይለሰልሳል፤ ሙሉ መልኩን ለመያዝ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ፀሐይ ጠባሳን ስለምታጠቁር ነጠላ ወይም ሻርፕ ጥቅም የሚሰጠው አሁን ነው። ባልገጠመ ቁስል ላይ ቅቤ፣ ማር ወይም ቅጠል መቀባት ግን ለምርቀዛ በር ይከፍታል። ከዚህ በፊት ቁስሏ እየጎላ የሚድን ሴት ለሐኪሟ ብትነግር ቀድሞ የሚደረግ ሕክምና አለ።

ወራት፦ ኪኒኑና ቡናው

የኮከር ታካሚዎች በብዛት መትረፋቸው አዲስ ችግር ገለጠ። ሙሉ እጢ የወጣላቸው ሰዎች ከወራት በኋላ ደክመው፣ አብጠው፣ ሐሳባቸው ዘግይቶ ይመለሱ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1883 ይህን በግልጽ አሳወቀ። መፍትሔው የተገኘው በ1891 ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት ታካሚ በመርፌ ሰጠ፤ ሴትዮዋም ከዚያ በኋላ ለ28 ዓመት ኖረች። ዛሬ ያ ሕክምና ሌቮታይሮክሲን የተባለች ትንሽ ኪኒን ሆኗል። ሙሉ እጢዋ የወጣ ሴት ዕድሜ ልኳን ትወስደዋለች። ግማሹ ብቻ ከወጣላቸው ከአምስቱ አንዷ ገደማም ያስፈልጋታል።

ኪኒኑ የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት፣ በውኃ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ጠዋት ራሱ እንቅፋት ይሆናል፤ ቡና ኪኒኑ በአንጀት እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ካልሲየምና የደም ማነስ ኪኒንም እንዲሁ ስለሆኑ አራት ሰዓት መራቅ አለባቸው። ሲነጋ የታይሮይዱ ኪኒን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቡናና ቁርስ፣ ካልሲየሙ ከምሳና ከራት ጋር፤ ይህ ቅደም ተከተል ለብዙ ቤት ይስማማል። ጠዋት ማድረግ የማይመቻት ደግሞ ከራት ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ ማታ ልትወስደው እንደምትችል ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፤ በረመዳን ይህ በተለይ ይጠቅማል።

የሆርሞኑ ግማሽ ከደም ውስጥ ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ የኪኒኑ መጠን ቢያንስም ቢበዛም ወዲያው አይታይም፤ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ የሚደረገውም ለዚህ ነው። መጠኑ ካነሰ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድርቀት፣ ክብደት መጨመር፣ መርሳትና ሐዘን ቀስ በቀስ ይገባሉ። በዚያን ጊዜ ቁስሉ ደርቋል፣ ጠያቂ ቀርቷል፣ ፈቃዱ አልቋል፣ ምጣዱም ወደ እሷ ተመልሷል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ድካሟ ሳያንስ ስንፍና የሚል ስም ይጨመርባታል። የሚያስፈልጋት ወቀሳ ሳይሆን የደም ምርመራ ነው። መጠኑ ሲበዛ በተቃራኒው ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ከዓመታት በኋላ አጥንት ይሳሳል። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥም መሻሉ ከኪኒኑ የመጣ መሆኑን መርሳት ነው። ካረገዘች ሕፃኑም በዚሁ ሆርሞን ስለሚያድግ እርግዝናው እንደታወቀ መጠኑ ከፍ ሊደረግላት ይገባል።

ሌላው የማይረሳ ወረቀት የፓቶሎጂ ውጤት ነው፤ የወጣው እጢ ተመርምሮ በሳምንታት ውስጥ ይደርሳል። ካንሰር ከተገኘ የጨረር አዮዲን ሕክምና ሊታዘዝ ይችላል፤ ያኔ ጡት ማጥባት አስቀድሞ መቆም፣ ከሕፃናትም ለቀናት መራቅ ስላለ ለቤቱ አዲስ ዕቅድ ያስፈልጋል። «ደህና ነኝ» ብላ ውጤቱን ሳትቀበል የምትቀር ታካሚ ይህን ጊዜ ታባክናለች።

ስለዚህ ባልና ሚስት ቀጠሮውን በያዙበት ዕለት ሁለት ቀን አብረው ይጻፉ፦ የቀዶ ጥገናውንና የስድስተኛውን ሳምንት የደም ምርመራ። መሥሪያ ቤቷም ሁለቱንም ይወቅ። ለመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል፤ ለሁለተኛው ግን ልጆቹን የሚይዝ፣ አብሯት ሄዶ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ከአሁኑ በስም መታወቅ አለበት። ወደ ሙሉ ሥራዋ የምትመለስበትን ልክም ከጠባሳዋ ይልቅ በዚያ ምርመራ ውጤት ቢወስኑ ይሻላል።